በር የሌለው አሥራ ሦስተኛ ክፍል

የተናደድኩት በራሴ ነው ብዬ ብጀምር ትሕትና ይመስልብኛል። ስለዚህ ከሌሎቹ ልጀምር፤ ወደ ራሴ መድረሴ አይቀርም።

በመጀመሪያ የሚያናድደኝ አምሳ ዓመት የሞላውን ሰው የእጅ ጌም ይዞ ተቀምጦ ሲያይ «ልጅነቱ ትዝ ብሎት ነው» የሚለው ሰው ነው። ልጅነቴ ትዝ አላለኝም። ልጅነቴ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አባቴ በሚሠራበት የሐዲድ ጠጋኞች ሰፈር፣ በሙቀትና በዝንብ ያለፈ ነው፤ የሚናፈቅ ነገር የለውም። የእጅ ጌም ያየሁት ደግሞ ካደግኩ፣ ደመወዝ መቀበል ከጀመርኩ በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚያናድደኝ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ተረት የሚመስለው የተማረ ሰው ነው። ስለዚህኛው በጥንቃቄ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም የዚህ ወገን አለቃ እኔ ነበርኩ።

በወጣትነቴ እዚያው አዋሽ ውስጥ መምህር ነበርኩ። ከጅቡቲ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ኬላው ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ሾፌሮቹ አንዲት የወሎ ሴት ከከፈተችው ሻይ ቤት ይቀመጡ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው እዚያ ነው። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣውን የእጅ ጌም ሸጠልኝ። ግራጫ ቀለም ያለው፣ መዳፍ የሚሞላ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ዕቃ ነው። ከኋላው ካሴት ይሰካበታል። ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእሱም ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈች፣ ከመታወቂያ ትንሽ የምትበልጥ የመመሪያ መጽሐፍ አብራ መጣች። ከሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ አንብቤ የምረዳው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ከጌሙ ይልቅ የወደድኳት እሷን ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ፋኖስ የያዘ አንድ ትንሽ ሰውዬ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ጉድጓዱ ክፍል በክፍል ነው፤ በየክፍሉ ቁልፍ ይፈልጋል፣ በሩን ከፍቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል። አንድ ክፍል ባለፈ ቁጥር ካሴቱ የደረሰበትን ይመዘግባል፤ ስለዚህ ጌሙን አጥፍቶ በማግስቱ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። መጽሐፏ እንደምትለው ክፍሎቹ አሥራ ሁለት ናቸው።

በዚያን ጊዜ አንድ የአፋር ጓደኛ ነበረኝ። እኩያዬ ነው። ከከተማው አጠገብ ባለው የጥጥ እርሻ ላይ ከአዋሽ ወንዝ ውሃ የሚገባበትን የቦይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ እሱ ነበር። ቤተሰቦቹ በገዋኔ በኩል ናቸው፤ በተለይ ያሳደገው የእናቱ ወንድም ፍየሎቹን ይዞ ወንዙ ዳር ነበር የሚሰፍረው። ጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት ወደዚያ ሲሄድ ጌሙን አውሰኝ አለኝ፤ አዋስኩት። መጽሐፏን ግን አልሰጠሁትም።

ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ መጣ። አፋር ከመንገድ ሲመጣ ዳጉ ይጠየቃል። እኛ ከተሜዎቹ «ወሬ» እንለዋለን፤ ወሬ ግን አይደለም። ወሬ የሚጣፍጥ ነገር ነው፤ ዳጉ አይጣፍጥም። መጪው ያየውን ያየሁት ይላል፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል፣ ያላወቀውን አላውቅም ይላል፤ ሰሚውም እያቆመ ይጠይቀዋል። በዚያ በረሃ ውሃ የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደገባ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው። የተዛባ ዳጉ ያመጣ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም።

«ዳጉ ምን አለ?» አለችው ባለ ሻይ ቤቷ። ከዓመታት ኑሮ በኋላ እሷም ለምዳዋለች።

ጓደኛዬ ስለ ሣሩ ተናገረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንዲት የታመመች ግመል፣ አዳይቱ ላይ ስለተደረገ ሠርግ። ከዚያም ድምፁን ሳይለውጥ ወደ ጌሙ አለፈ።

«ጌሙ ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ክፍል አለ» አለ። «በር የለውም። ወለሉ ውሃ ነው። ጥጉ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ስትጠጋት ትዞራለች። ፊቷ ግን ፊት አይደለም፤ ካሬ ካሬ ነው፣ እንደ ተሰባበረ ሸክላ። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ከማንም አልሰማሁም።»

«አግብታለች ወይስ ነጠላ ናት?» አለ አንድ ሾፌር።

«አልጠየቅኳትም።»

«በር ከሌለው እንዴት ገባህ?» አልኩት እኔ።

«አላውቅም። ጌሙ ጠፋ። መልሼ ስከፍተው እዚያ ነበርኩ።»

መጽሐፌን ከኪሴ አወጣሁ። ያንን አወጣጤን ዛሬ ሳስታውሰው እጄን መምታት ያሰኘኛል። ገጹን ገልጬ እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ቀጥዬ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው። «አሥራ ሁለት ክፍሎች» ይላል። ስለ ሴትም ስለ ውሃም የሚል ነገር የለም።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ክፍሉን አላየው ይሆናል» አለ ጓደኛዬ።

«የጻፈው የሠራው ሰው ነው» አልኩ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፤ በተማረ ሰው ድምፅ ስለተናገርኩት ግን ሁሉም አመነኝ።

ፍርዴ እንዲጸና ደግሞ ሙከራ አደረግኩ። አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሾፌሮቹ እያዩኝ ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ሰውዬው ፋኖሱን ያነሣል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ያበቃል።

ውሸታም አላልኩትም። በዚህ ለረጅም ጊዜ ስኮራ ኖሬያለሁ። ያልኩት «ሙቀቱ ነው» ብቻ ነው። ዛሬ ሳስበው ይኸኛው ይብሳል። ውሸታም የሚባል ሰው ቢያንስ አእምሮ አለው ማለት ነው።

ሾፌሮቹ ስም አወጡለት፤ «አሥራ ሦስት» አሉት። ሾፌር ደግሞ ስም ካወጣ ስሙ ከጭነቱ ጋር ይጓዛል። በወሩ ገዋኔ ደረሰ፤ ከዚያም አልፎ ዲቾቶ ላይ ጎማ የሚያስነፉ ሰዎች ሁሉ «አሥራ ሦስት» ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን አልተጣላኝም። ጌሙን መለሰልኝና ወደ ቦዩ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ። ጓደኛዬ ቦዩ በር ላይ ቆሞ ውሃው አይቶት ከማያውቀው ከፍታ ሲያልፍ አየ። በሩን ዘጋና የመጀመሪያውን መኪና ለምኖ ወደ ገዋኔ ወረደ፤ ውሃው ሳይደርስ ፍየሎቹን ከዝቅተኛው ዳር እንዲያነሡ ሊነግራቸው። ማታ ደረሰና ነገራቸው። ከተቀመጡት አንዱ «ይኼ ውሃ የጌሙ ክፍል ውሃ ነው?» አለ። ሳቁ። አጎትየው አልሳቀም፤ ነገር ግን «ሁለተኛ መልእክተኛ እንጠብቅ» አለ። ሁለተኛው መልእክተኛ ጎህ ሲቀድ ውሃው ራሱ ሆኖ መጣ። ሰው አልሞተም። የአጎቱ ፍየሎች ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ።

ይህን የሰማሁት በሳምንቱ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ገዋኔ ካደረ ሾፌር ነው። ባለ ሻይ ቤቷ አየችኝ። «ጎርፍ የአላህ ቁጣ ነው» አልኳትና ሻዬን ጠጣሁ። ነገሩን ወደ አላህ መምራት የማያውቅ መምህር የለም።

ከዚያ የሆነውን ዓመታት ቆይቶ የነገረኝ ሌላ ሾፌር ነው። አጎትየው የእህቱን ልጅ አልተቆጣውም። ሲመጣ ይቀበለዋል፣ አብሮት ይበላል፣ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል። ዳጉ ግን አይጠይቀውም። ከመንገድ የመጣ ሰው ሁሉ ሲጠየቅ፣ ከእሱ ኋላ የገባው እንግዳ ሲጠየቅ፣ እሱ ወተቱን ጠጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያሳደገው ሰው ቤት ውስጥ አፍ እንደሌለው ሰው ሆነ። ሰመራ ከተማ ሆና መሠራት ስትጀምር ለግንባታ ሥራ ወደዚያ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ ያዘንኩ መሰለኝ፤ ምንም አላደረግኩም ግን።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ከምጽፋትና ከማነባት ጋር ቤት ከዋልኩ ሰንብቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመድ የድሮ ካሴቶችን ይዘት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ትንሽ መሣሪያ ላከልኝ። በዓለም ላይ ሥራዬ ብለው የድሮ ጌሞችን ሆድ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። ሠሪዎቹ ጀምረው የተዉትን፣ ረስተው የሄዱትን ሥዕል፣ ያልተሰማ ሙዚቃ፣ ማንም ያልረገጠው መንገድ ያወጣሉ። የጌሙን ስህተት እየተከተሉ ግድግዳ ውስጥ ያልፋሉ። አብዛኞቹ ያናድዱኛል፤ ያገኙትን እያንዳንዱን ነጥብ እንደ ወርቅ ማዕድን ያወራሉ። ሆኖም አንድ ነገር አስተማሩኝ። ጌም ሠሪ አንድ ክፍል ሠርቶ ሐሳቡን ሲቀይር ክፍሉን አያፈርሰውም። ካፈረሰው ሌላው ሁሉ ሊናጋ ይችላል። በሩን ብቻ ነቅሎ ይሄዳል፤ ክፍሉ እዚያው ይቀራል። ከዚህ ላይ ስለ አገር ምሳሌ የሚያወጣ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ያውጣ፤ እኔ ስለ ጌም ነው የማወራው።

የጉድጓዱን ካሴት ገለበጥኩ። የክፍሎቹን ዝርዝር ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ናቸው።

አሥራ ሦስተኛውን በኮምፒውተሩ ላይ ሥዕል በሥዕል ገጣጠምኩት። ወለሉ ውሃ ነው። በር የለውም። ጥጉ ላይ ሴት አለች። ሠሪዎቹ ለሴትዮዋ አራት ሥዕል ቦታ ይዘውላታል፤ ሦስቱ ከጀርባዋ ቀስ በቀስ ስትዞር ናቸው። አራተኛው፣ ፊቷ የሚመጣበት፣ ጨርሶ አልተሣለም። በቦታው ያለው ከሌላ ነገር የተረፈ ካሬ ካሬ ነጥብ ነው።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ደስታ አልነበረም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ልሰድብ ፈለግኩ፤ ግቢው ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ቢሆንም ወደ ክፍሉ የሚያስገባ መንገድ አላገኘሁም። የካሴቱን የውስጥ ባትሪ በሞባይል ጠጋኝ አስቀይሬ፣ ያንኑ ግራጫ ጌም ጠራርጌ፣ ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ከአሥራ ሁለት አላለፍኩም። ጌሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሰመራ አውቶቡስ ያዝኩ።

ጓደኛዬ አሁን ጎሚስታ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል። ፂሙ ሸብቷል፣ በሂና አቅልቶታል። አየኝ፣ አወቀኝ፣ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ሰላም አለኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ከዚያም እንደ ደንቡ ጠየቀኝ። ይህ ሰው ሃያ ምናምን ዓመት በእኔ ምክንያት ሳይጠየቅ ኖሮ እኔን ጠየቀኝ።

«ዳጉ ምን አለ?»

«ክፍሉ አለ» አልኩት። «አሥራ ሦስተኛው።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ኮምፒውተር ላይ።»

«ገብተሃል?»

«አልገባሁም፤ ግን ዳታው ሁሉ—»

«ገብተሃል ወይ ነው ያልኩህ፣ መምህር።»

«አልገባሁም።»

«እንግዲያው ሰምተሃል እንጂ አላየህም» አለ። «ኮምፒውተሩን አመስግንልኝ።»

ተናደድኩ። ከአዋሽ ሰመራ ድረስ በዚያ ሙቀት መጥቼ ምስክርነቴ ውድቅ ሆነ። ጌሙን አውጥቼ ሰጠሁት። ገለባበጠው፤ የኋላውን ክዳን ከፈተና ድንጋዮቹን አየ።

«አዲስ ናቸው?»

«ትናንት ነው የገዛኋቸው።»

«በአዲስ ድንጋይ አትገባም» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አጎቱ ሰፈር አጠገብ ሱቅ አልነበረም። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ትኩስ አለት ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። የራዲዮ ድንጋይ ያላሰጣ ሰው በዚያ አገር የለም፤ እኔም እናቴ ስታሰጣ አይቻለሁ። እንዲህ የነቃ ድንጋይ ግን አቅም የለውም። ሰውዬው አንድ ክፍል ጨርሶ ካሴቱ ሊመዘግብ ሲል ጌሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

የቀረውን እኔ ራሴ አሟላሁት፤ ማሟላት ያለ ነው፣ አያሳፍርም። ካሴቱ የክፍሉን ቁጥር በሁለት ቁራጭ ነው የሚጽፈው። መሃል ላይ ኃይል ሲቋረጥ ግማሹ የአዲሱ፣ ግማሹ የአሮጌው ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ጌሙ ተመልሶ ሲከፈት ያንን ቅይጥ ቁጥር አምኖ ሰውዬውን የወሰደው ቦታ ላይ ይጥለዋል። በአዲስ ድንጋይ ሺህ ዓመት ብጫወት አልገባም ነበር። ደመወዜ ነው የከለከለኝ።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎማ የሚጠብቀው ሾፌር ዞር ብሎ አየን።

«ስለ ድንጋዩ ማን ጠየቀኝ? እንዴት ገባህ አልከኝ፣ አላውቅም አልኩህ። ከዚያ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርክ።»

 እውነት ነው፤ በዚያ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ወደ መጽሐፌ ሮጥኩ። የገዋኔ ፍየል ጠባቂ ቢሆን ኖሮ ሃያ ጥያቄ ይጠይቀው ነበር፤ የት ተቀምጠህ፣ በስንት ሰዓት፣ ድንጋዩን ከየት አምጥተህ።

የሞተ ድንጋይ መፈለግ ጀመርን። አንዱን ከእሱ ራዲዮ፣ ሁለቱን ከጎረቤት ባለ ሱቅ የእጅ ባትሪ፣ አንዱን ግድግዳ ላይ ቆሞ ከቀረ ሰዓት። ጓደኛዬ አንድ አሮጌ ቸርኬ ፀሐይ ላይ አጋድሞ ድንጋዮቹን ብረቱ ላይ ደረደራቸው። የሰመራ ፀሐይ ቸኩሎ አያውቅም የሚል ሰው ሰመራን አያውቃትም፤ ሁለት ጎማ ተጠግኖ ሳያልቅ በእጅ የማይያዙ ሆኑ።

«ቡና የምትቆላ መስሎኝ» አለ ያ ሾፌር።

«መምህሩ ሴት ሊያይ ነው» አለው ጓደኛዬ።

ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። ጌሙ አንዴ ጨርሶ አልነሣ አለ፤ አንዴ ሰውዬውን መጀመሪያው ክፍል መለሰው፤ አንዴ ማያው ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ብቻ ሆነ። በየመሃሉ ድንጋዮቹን እያወጣሁ ቸርኬው ላይ እመልሳለሁ። ላቤ ማያው ላይ ይንጠባጠባል። በስምንተኛው ጠፋ፤ ስከፍተው ሙዚቃ አልነበረም። ሰውዬው ውሃ ውስጥ ቆሟል። ፋኖሱ ያበራል፣ ግድግዳው በአራቱም በኩል ዝግ ነው። ጥጉ ላይ ሴት ተቀምጣለች።

ሦስት እርምጃ ተጠጋኋት። ዞረች።

«ገባሁ» አልኩ።

ጓደኛዬ የጎማ ላስቲክ ሲፍቅ ነበር። ቀና አላለም። «ፊቷስ?»

«ካሬ ካሬ ነው።»

«እንደ ምን?»

«እንደ ተሰባበረ ሸክላ።»

«እሺ» አለ። «አሁን አይተሃል።»

ማያውን ላሳየው ዘረጋሁለት፤ እጁ በማጣበቂያ ተበክሎ ነበር፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ድንጋዮቹ አለቁና ጠፋ። ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ፤ በመንገድ ያዘጋጀሁት ጥሩ ንግግር ነበረኝ። አላስጨረሰኝም።

«እኔ ክፍሉ እንዳለ አውቅ ነበር» አለ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? አጎቴ ገዋኔ ነው፤ በሕይወት አለ፤ አርጅቷል። ለእሱ ንገረው።»

«አብረን እንሂድ።»

«እኔ ብነግረው የእኔ ቃል ነው። የእኔን ደግሞ አይጠይቅም። የለቀቀው አፍ ይመልሰው።»

በማግስቱ ከሰመራ ተነሣሁ። መንገዱን በሙሉ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ስናደድ አነባለሁ። ገዋኔ ወርጄ ስጠይቅ ከከብት ገበያው ጀርባ የሴት ልጁ ቤት በራፍ ላይ፣ ዳስ ሥር ወዳለ ሽማግሌ መሩኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው አልደከመም። ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ሲሸጥ ስለኖረ አማርኛው የገበያ ነው፣ አጭርና ትክክለኛ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ከሰመራ መጣሁ አልኩት።

«ዳጉ ምን አለ?»

«አንድ ጌም አለ» ብዬ ጀመርኩ። «ጌሙ ውስጥ—»

«መጀመሪያ መንገዱን» አለኝ። «ሰመራ ደመና አለ?»

«አላየሁም።»

«አዳይቱ ላይ ከብት ወደ ወንዙ ወርዷል?»

«አላየሁም፣ አባቴ።»

«ወንዙስ? ድልድዩ ላይ አልፈሃል።»

ወደ መጣሁበት መንገድ ዞር ብዬ አየሁ።

«ተኝተህ ነው የመጣኸው?»

«መጽሐፍ ሳነብ ነበር።»

ሽማግሌው፣ «እና ምን ብለህ ትነግረኛለህ?» አለ። ስድብ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ያየሁትን ብቻ ነገርኩት። አዋሽ ሻይ ቤቱን፣ መጽሐፏን፣ አዲሶቹን ድንጋዮች፣ «ሙቀቱ ነው» ማለቴን፣ ሾፌሮቹ ስም ሲያወጡለት መሳቄን፣ ጎርፉን ሰምቼ ሻይ መጠጣቴን። ከዚያም ቸርኬውን፣ ፀሐዩን፣ ስምንተኛውን ሙከራ፣ ውሃውን፣ ሴትዮዋን። ጌም አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ያቋረጠኝ ጉዳዩ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። «ድንጋዮቹ ስንት ነበሩ?» «ክፍሉን ስታይ ማን አብሮህ ነበር?» «እሱ በዚያን ጊዜ ማያውን አየ?» አላየም አልኩ። «ጥሩ» አለ። «እንግዲያው አላሳየህም፤ ራስህ ነህ ያየኸው።»

 ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ይቀለኝ ነበር።

«ሁለተኛ መልእክተኛ እንጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የእህቴን ልጅ ትቼ የሾፌር ሳቅ ያመንኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሲመጣ ጀርባው ላይ አዝሎ ያወጣኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በየትኛው አፌ ዳጉ ልጠይቀው?»

ይህን በሕይወቴ ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ቅጣት የመሰለኝ ነገር ኀፍረት ነው። ጓደኛዬም እንደ እኔ ቅጣት መስሎት ኖሯል። ሁለቱም በተገናኙ ቁጥር አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ እስኪጠየቅ፣ ሌላው መጠየቅ ፈርቶ፣ ወተት ሲጠጡ አረጁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። መጽሐፏ ዛሬም አለችኝ፤ አንድ ቀን አቃጥላታለሁ ብዬ ነበር፣ ግን መጽሐፏ ምን አደረገች? አሥራ ሁለት ነው የተባለችውን ነው የጻፈችው። ጮክ ብሎ ያነበባት ሰው ነው የሚቃጠለው።

«ስልክ አለህ?» አለኝ ሽማግሌው።

ለጓደኛዬ ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። ከወዲያ በኩል የጎማ መንፊያው ሞተር ሲጮህ ይሰማል። ሽማግሌው በአፋርኛ ሰላምታውን አደረሰ፤ አጭር ነበር። ቀጥሎ የተናገረውን አፋርኛ የማያውቅ ሰውም ያውቀዋል፤ ዳጉ ጠየቀው።

 የሞተሩ ድምፅ ቆመ፤ አጥፍቶት ነው። ጓደኛዬ መናገር ጀመረ። በዝግታ ነበር የሚናገረው፤ ሽማግሌው እያቆመ ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል፣ ይቀጥላል። ስለ ደመናው መሰለኝ። ስለ ሣሩ፣ ስለ መንገዱ። የሽማግሌው ልጅ ሻይ ይዛ መጥታ ነበር፤ አባቷ ማንን እንደሚጠይቅ ስትሰማ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። የስልኬ ካርድ እያለቀ እንደሆነ የሚነግር ድምፅ መሃል ገባ፤ ሁለቱም አልሰሙትም። ካርድ ልገዛ ተነሣሁ፣ ሽማግሌው በእጁ ተቀመጥ አለኝ።

በዚያ ሁሉ አፋርኛ መሃል «መምህር» የሚል ቃል ሰማሁ። ቆይቶ ደግሞ ሰማሁ። ሽማግሌው ደካማ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ መልሱን አዳመጠ፣ ሌላ ጠየቀ።

«ስለ እኔ ምን አለ?» አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው አላነሣም።

«ዝም በል» አለኝ። «ገና አልጨረሰም።»